ከፍቺ በኋላ የቀረው ሂሳብ፦ በጅማ የቀድሞ ባልና ሚስት ገንዘባቸውን እንዴት ይለያሉ?

ፍቺው ተወስኖ ሁለቱም የየራሳቸውን በር ከዘጉ በኋላ ሂሳቡ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ካርታው በአንዱ ስም ነው፤ ባጃጁን ሌላው ይዞታል፤ እቁቡ ገና አስር ዙር ይቀረዋል፤ ጓሮ ያለው ቡና ቀልቷል። ይህ መመሪያ ጅማ ከተማና ዙሪያዋ ላሉ፣ ጋብቻቸው በፍርድ ለፈረሰ ገንዘባቸው ግን ላልተለየ ሰዎች ነው። የልጅ ቀለብ ከዚህ ሂሳብ ውጭ ነው። ቀለብ የልጁ መብት ስለሆነ "ቤቱን ስለያዝሽ ቀለብ አልሰጥም" ወይም "ቀለብ ስላልሰጠህ የቤት ድርሻህን ቀረ በለው" የሚባል ማቻቻል አይሠራም። ሁለቱን በየራሳቸው ወረቀት ይያዙ።

መጀመሪያ ውሳኔውን ያንብቡ

ማኅተም ያረፈበትን የፍቺ ውሳኔ ግልባጭ ከመዝገብ ቤት ያውጡና የመጨረሻውን ገጽ፣ ትዕዛዝ የሚለውን ክፍል ይመልከቱ። ከሦስት አንዱን ያገኛሉ። ንብረትን በተመለከተ የመጠየቅ መብታቸው የተጠበቀ ነው የሚል ከሆነ ንብረቱ ገና አልታየም፤ የንብረት ክፍፍል ክስ ያስፈልግዎታል። ድርሻው ተለይቶ ከተወሰነ ክሱ አልቋል፤ የቀረዎት የአፈጻጸም መዝገብ ማስከፈት ነው። ስምምነታችሁ ጸድቆ ከተመዘገበም እንደ ፍርድ ይፈጸማል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የተፈረደለት ሰው "አልሰጠኝም" ብሎ አዲስ ክስ ይከፍታል፤ ወራት ተመላልሶ፣ የዳኝነት ክፍያ ከፍሎ፣ ጉዳዩ በፍርድ ያለቀ ነው ተብሎ ይመለሳል። በውሳኔው ካልተስማሙ መንገዱ ይግባኝ ነው፤ ጊዜውም ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ 60 ቀን ነው። "ሽማግሌ ይዞታል" እየተባለ ይህ ጊዜ ሲያልፍ ማየት የተለመደ ነው። ሽማግሌው ይቀጥል፤ ይግባኙን ግን በጊዜው ያስገቡ፤ ከተስማማችሁ ማንሳት ይቻላል።

ጅማ ላይ የሚሠራው የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 69/1995 ከነማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 83/1996 ነው። በየስልኩ የሚዞረው አዋጅ ቁጥር 213/1992 የፌዴራሉ ነው። ሐሳባቸው በአብዛኛው ይመሳሰላል፤ የአንቀጽ ቁጥራቸው ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ ከሌላ ሰው አቤቱታ ላይ አንቀጽ አይገልብጡ። የፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ አቤቱታው በዚያው ቋንቋ ይጻፋል፤ በአማርኛ የተጻፈ የሽማግሌ ሰነድ ካለዎት አስተርጉመው ያያይዙ። ቋንቋውን ካልቻሉ በችሎት አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለዎት፤ ይህን በመጀመሪያው ቀጠሮ ያሳውቁ።

በኒካ የተጋቡ ሰዎች ጉዳዩን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት፣ ሌሎችም ወደ ባህላዊ ፍርድ ቤት ሊወስዱት ይችላሉ። ሁለቱም የሚሠሩት ግን በሁለቱ ወገኖች ፈቃድ ነው። ካልፈቀዱ ቀርበው "አልፈቀድኩም" ይበሉ። መጥሪያ ተቀብሎ ዝም ማለት እምቢታ አይደለም፤ እንደ ፈቃድ ሊቆጠርብዎ ይችላል።

ቀን ይቁረጡ፣ ከዚያ ይዘርዝሩ

ሂሳብ ያለ ቀን አይሠራም። ሁለት ቀኖችን በወረቀቱ አናት ላይ ይጻፉ፦ ጋብቻው የተፈጸመበትንና ጋብቻው በፍርድ የፈረሰበትን። በመካከላቸው በሁለቱ ጥረት የተገኘ ገቢ፣ ደመወዝም ሆነ የሱቅ ትርፍ፣ የጋራ ነው። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ በጋብቻ ዘመን ደግሞ በውርስ ወይም በስጦታ ለአንዱ ብቻ የመጣ የግል ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። የማይታወቀው፣ ከግል ንብረት የሚገኘው ገቢ ራሱ በጋብቻ ዘመን የጋራ መሆኑ ነው። አባቷ ያወረሷት ሱቅ የእሷ ነው፤ በጋብቻው ዘመን የተሰበሰበው ኪራይ ግን የሁለቱም ነው።

ተኳርፎ ተለያይቶ መኖር ብቻውን ቀኑን አይቆርጥም። ባል አጋሮ ሄዶ ለሁለት ዓመት ቢሠራ፣ ጋብቻው እስካልፈረሰ ድረስ ያፈራው የጋራ ነው። ለረጅም ዓመታት ተለያይተው እያንዳንዳቸው ሌላ ኑሮ በመሠረቱ ሰዎች ጉዳይ ግን የሰበር ሰሚ ችሎቱ ጋብቻው በተግባር ፈርሷል ያለበት አጋጣሚ አለ። የእርስዎ ጉዳይ እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ የሚያከራክረው ቀኑ ስለሆነ የተለያዩበትን ጊዜ የሚያሳይ ማስረጃ ቀድመው ይሰብስቡ፦ የቤት ኪራይ ውል፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የሥራ ዝውውር ደብዳቤ።

ዝርዝሩን በአምስት ዓምድ ይሥሩት፦ ንብረቱ ምንድን ነው፣ በማን ስም ነው፣ በማን እጅ ነው፣ መቼና በምን ገንዘብ ተገኘ፣ ማስረጃው የት አለ። "በማን ስም" እና "በማን እጅ" የተለያዩ ዓምዶች የሆኑት በምክንያት ነው። ስም ባለቤትነትን አይወስንም። በጋብቻ ዘመን የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ የግሌ ነው የሚል ሰው ነው ማስረዳት ያለበት። በእጅ ያለው ደግሞ ከፍቺ በኋላ ማን ከንብረቱ ገቢ እንደሰበሰበ ይነግርዎታል፤ ይህ ኋላ ላይ ያስፈልጋል።

ዝርዝሩ ላይ ሰው የሚረሳቸውን እናስታውስ፦ የቤት ኪራይ ቅድመ ክፍያ፣ ለሰው የተሰጠ ብድር፣ የአክሲዮን ወረቀት፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ዕጣ፣ የቴሌብር ቀሪ ሂሳብ፣ ቀብድ የተከፈለበት ዕቃ፣ ገና ያልተለቀመ ቡናና ጫት፣ ያልተቆረጠ ባሕር ዛፍ። አንዱን ከሰው ፊት ማንሳት ካፈሩ ጽፈው ይያዙት። በአንድ ክስ ውስጥ መጠየቅ የሚገባውን ነጥሎ ትቶ በኋላ እንደ አዲስ ማንሳት ብዙ ጊዜ በር ይዘጋበታል።

ከአረብ አገር የተላከ ገንዘብ ለብቻው ይነሣ፤ በጅማ ዞን ብዙ ቤት የተሠራው በዚህ ገንዘብ ነው። በጋብቻ ዘመን ሠርታ የላከችው የጋራ ገቢ ነው። ችግሩ ገንዘቡ ብዙ ጊዜ በወንድም ወይም በእናት አካውንት መግባቱና ቤቱም በእነሱ ስም መሠራቱ ነው። ባልን ብቻ ከሰው "ቤቱ የእኛ ነው" ቢሉ ካርታው ላይ ያለው ሰው ተከራካሪ ስላልሆነ ፍርዱ እሱን አይነካውም። በስሙ የተመዘገበለት ሰው በክሱ ውስጥ መግባት አለበት፤ የሐዋላ ደረሰኝ፣ የግንበኛ ክፍያና የቁሳቁስ ደረሰኝም በቀን ተደርድረው ይቅረቡ። እሷ አሁንም ውጭ ከሆነች ውክልናው ባለችበት አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይሰጥና አገር ቤት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። በዋትሳፕ የተላከ የድምፅ ፈቃድ ውክልና አይሆንም።

መህር፣ ማለትም በኒካ ጊዜ ባል ለሚስት ሊሰጥ የሚገባው ስጦታ፣ የሚስት የግል ገንዘብ ነው። ያልተከፈለ ከሆነ በጋራው ክምር ውስጥ አይገባም፤ ከክፍፍሉ ውጭ እንደ ዕዳ ይጠየቃል።

የግል ገንዘብ ወደ ጋራ ቤት ሲገባ

ባል ከጋብቻ በፊት የነበረውን የጭቃ ቤት ሸጦ በጋብቻ ዘመን የብሎኬት ቤት ቢሠራ፣ አዲሱ ቤት የጋራ መሆኑ ይገመታል። የግሉ ሽያጭ ገንዘብ ወደ ጋራው መግባቱን ካስረዳ ግን ያንን ያህል ቅድሚያ ያነሣል። የሚያነሣው የገባውን ዋጋ ነው፤ ቤቱ ዛሬ የሚያወጣውን አይደለም። ማስረጃው የሽያጭ ውሉና ገንዘቡ በባንክ የተንቀሳቀሰበት ወረቀት ነው። በእጅ ተቀብሎ በእጅ የከፈለ ሰው እዚህ ይሸነፋል።

በተቃራኒው ቤቱ ከጋብቻ በፊት የሚስት ሆኖ በጋብቻ ዘመን ሰርቪስ ቢጨመርበት፣ ሊሾ ቢፈስበት፣ ጣሪያው ቢቀየር፣ ባል የሚጠይቀው በማሻሻያው የመጣውን ዋጋ ግማሽ ነው። "ቤቱን እካፈላለሁ" ብሎ መክሰስ ሙሉውን ሊያሳጣ ይችላል። አቤቱታው ላይ የተጨመረው ምን እንደሆነ በክፍል ብዛት፣ በካሬ ሜትርና በዓመተ ምሕረት ይጻፍ።

ዕዳ

ለቤተሰቡ ኑሮ የተወሰደ ዕዳ የሁለቱም ነው፤ ገንዘቡን የተበደረው አንዱ ብቻ ቢሆንም። ለአንዱ የግል ጉዳይ የተወሰደ ግን ተበዳሪውን ይከተላል። ከፍቺ በኋላ ድንገት የሚመጡ ዕዳዎች አሉ፦ ወንድም ወይም ጓደኛ "300,000 ብር አበድሬዋለሁ" ብሎ ወረቀት ይዞ ይቀርባል። እንዲህ ያለ ወረቀት ሲመጣ አራት ነገር ይፈትሹ። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ በእምነት ቃል ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም፤ ምስክር ብቻ ይዞ የመጣ ሰው መንገዱ ጠባብ ነው። ውሉ ላይ ሁለት ምስክር ፈርሟል? ገንዘቡ በዚያ ቀን በማንኛውም አካውንት ታይቷል? ለምን ቤተሰባዊ ጉዳይ ዋለ? አራቱም ባዶ ከሆኑ ዕዳውን በዝርዝር ይካዱ። "አላውቅም" ብቻ ማለት በቂ ክህደት አይደለም።

እቁብ ሁለት ፊት አለው። ዕጣው ከፍቺ በፊት ወጥቶ ገንዘቡ ቤት ወይም ባጃጅ ውስጥ ከገባ የቀረው መዋጮ የጋራ ዕዳ ነው። ዕጣው ካልወጣ ደግሞ እስከ ፍቺ ቀን የተዋጣው የጋራ ሀብት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚዋጣው የከፋዩ ብቻ። ከእቁቡ ዳኛ ወይም ጸሐፊ መዝገቡን አስገልብጠው ያስፈርሙ።

ዋጋ

ክርክሩ የሚረዝመው "ይገባኛል" በሚለው ሳይሆን "ስንት ያወጣል" በሚለው ነው። በፍርድ ቤት ትዕዛዝ የሚወጣ የመሐንዲስ ግምት አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰላው ግንባታውን ነው፦ ግድግዳው ጭቃ ነው ወይስ ብሎኬት፣ ወለሉ፣ ቆርቆሮው፣ የአገልግሎት ዘመኑ። ገዢ ግን ለቦታውም ይከፍላል። አንድ ዓይነት ሁለት ቤት፣ አንዱ ሄርማታ መርካቶ ዳር፣ ሌላው ከከተማው ጫፍ ቢሆኑ የግንባታ ግምታቸው ተቀራራቢ ሆኖ የገበያ ዋጋቸው ሰማይና ምድር ይሆናል። ስለዚህ ቤቱን የሚያስቀረው ወገን የመሐንዲሱን ግምት ይወዳል፤ የሚለቀው ወገን ደግሞ በዚያ ግምት ተስማምቶ ከፈረመ በኋላ ይቆጨዋል። ግምቱን የማይቀበሉ ከሆነ በተሰጠው ቀጠሮ በጽሑፍ ይቃወሙ፤ በአካባቢው የተሸጡ ቤቶችን ወይም የቀረበ እውነተኛ ገዢ ይጥቀሱ።

ከፍርድ ቤት ውጭ የሚሠራ ቀላል ዘዴ አለ፦ አንዱ ዋጋ ይጥራ፣ ሌላው በዚያ ዋጋ መውሰድን ወይም መልቀቅን ይምረጥ። ጠሪው ዝቅ ቢያደርግ ይወሰድበታል፣ ቢያንር ራሱ ይከፍላል። ይህ የሚሠራው ግን ሁለቱም የመክፈል አቅም ካላቸው ነው። አንዷ ገንዘብ እንደሌላት እያወቁ ይህን ማቅረብ ብልጠት እንጂ ፍትሕ አይደለም።

ለባጃጅና ለመኪና ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ይጻፉ፤ ሁለት ጋራዥ የየራሱን ግምት በጽሑፍ ይስጥ።

ቡና ላይ ቆም ማለት ይገባል። "አንድ ኪሎ ቡና" የሚባል ነገር የለም፤ እሸት፣ ጀንፈል (ከነገለፈቱ የደረቀ) ወይም የተፈለፈለ ቡና ነው ያለው። በግምት ከ5 እስከ 6 ኪሎ ቀይ እሸት አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ይወጣዋል፤ ከጀንፈል ደግሞ ወደ 2 ኪሎ ያህል። "ሃያ ፈረሱላ ይሰጣት" ተብሎ ሁኔታው ሳይጻፍ የተፈረመ ስምምነት ለመከር ጊዜ ጠብ ያቆያል፤ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ 340 ኪሎ መሆኑ ይታወቃል፣ የምኑ 340 እንደሆነ ግን አይታወቅም። ፍቺው መስከረም ላይ ተወስኖ ቡናው ገና ዛፍ ላይ ካለ ዋጋ ከመገመት ምርቱን በዓይነት መካፈል ይሻላል፦ የለቃሚ ወጪው ማን ያወጣል፣ የት ይሰጣል፣ ማን ይመዝናል፣ በየስንት ቀኑ ይካፈላሉ የሚለው ተጽፎ።

የገጠር መሬት አይሸጥም፤ የሚከፋፈለው የይዞታ መብቱ ነው። ደብተሩ ላይ የሁለቱም ስም ካለ እኩል መብት አላቸው፤ የአንዱ ብቻ ቢሆንም በጋራ ሲጠቀሙበት የነበረው መሬት ለክርክር ክፍት ነው። መሬቱ ከተወሰነው ዝቅተኛ ስፋት በታች የሚሆን ከሆነ ቆርሶ ማካፈል ስለማይቻል በጋራ መጠቀም ወይም አንዱ ለሌላው ገንዘብ መስጠት ይመጣል። ለማና፣ ለጎማ ወይም ለሰቃ ጨቆርሳ መሬት የወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ልኬት ያስፈልግዎታል፤ ያለ ልኬት "እስከ ዋርካው ድረስ" ብለው አይካፈሉ።

የቀበሌ ቤት የእናንተ ስላልሆነ ዋጋው አይካፈልም፤ የሚያከራክረው የመኖር መብቱና በላዩ የወጣው ወጪ ነው። ካርታ የሌለው ቤት ደግሞ በስምምነት ሊለይ ቢችልም ስም የሚዞርበት መዝገብ የለውም። ድርሻዎን ከእንዲህ ያለ ቤት ከመውሰድ በገንዘብ መቀበል ይሻላል።

ሂሳቡን በአንድ ገጽ

ምሳሌ እንሥራ፤ ዋጋዎቹ ለስሌት ብቻ የተቀመጡ ናቸው። ቤት 2,400,000 ብር፣ የቤት ዕቃ 95,000፤ ሁለቱም በእሷ እጅ። ባጃጅ 380,000፣ ጀንፈል 340 ኪሎ በ150 ብር ሒሳብ 51,000፣ ባንክ ያለ 124,000፤ ሦስቱም በእሱ እጅ። ድምር 3,050,000። በፍቺው ቀን ያለ ዕዳ፦ የባጃጅ ብድር 180,000፣ የእቁብ ቀሪ በአስር ዙር 50,000፤ በአንድ ላይ 230,000። የተጣራ ሀብት 2,820,000፤ የእያንዳንዳቸው 1,410,000።

እሷ የያዘችው 2,495,000 ነው። እሱ የያዘው 555,000 ሲሆን ዕዳውን ሁሉ ልክፈል ካለ የሚቀረው 325,000 ነው። ስለዚህ ቤቱን ለማስቀረት ለእሱ 1,085,000 ትከፍላለች፤ ሲደመር የእሱ ድርሻ 1,410,000 ይሞላል።

አሁን ከፍቺ በኋላ ያለውን ስምንት ወር እንይ። የጋራ ንብረት እስኪከፋፈል ድረስ ገቢው የሁለቱም ነው። ባጃጁ ከወጪ ቀሪ በወር 9,000 ቢያስገባ 72,000 ይሆናል፤ የእሷ ግማሽ 36,000። እሷ የሰርቪሱን ኪራይ በወር 6,000 ሰብስባ 48,000 ከሆነና 8,000 በደረሰኝ ለጥገና ካወጣች 40,000 ይቀራል፤ የእሱ ግማሽ 20,000። ሲቻቻል እሱ ለእሷ 16,000 አለበት። የምትከፍለው ወደ 1,069,000 ይወርዳል።

እዚህ ላይ የሚፈጸም አንድ ስሕተት አለ። እሱ "በስምንቱ ወር የባጃጁን ብድር 60,000 ከፍያለሁ፣ ግማሹን 30,000 ትስጠኝ" ይላል። ብድሩ ግን በፍቺው ቀን 180,000 ተብሎ ሙሉው ወደ እሱ ሲዛወር ድርሻው በዚያው ልክ ተስተካክሎለታል፤ እንደገና ከጠየቀ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ምርጫው አንዱ ነው፤ ወይ በፍቺው ቀን ያለውን ዕዳ ይቀንሱ፣ ወይ የተከፈለውን ያስቡ።

1,069,000 ብር በአንድ ጊዜ የሚገኝ ካልሆነ ሊጻፍ የሚችለው ለምሳሌ እንዲህ ነው፦ 349,000 በፊርማው ቀን በሲፒኦ (ባንክ ክፍያውን በሚያረጋግጥበት ቼክ)፣ ቀሪው 720,000 በ24 ወር በየወሩ 30,000። አንድ ወር ቢዘገይ ምን እንደሚሆን፣ ሁለት ወር ቢዘገይ ቀሪው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይከፈል እንደሆነ ይጻፍ። ወለድ ሳይጠቀስ ከቀረ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሕጋዊ ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው። ክፍያው ሳያልቅ ካርታው ሙሉ ለሙሉ ወደ እሷ ቢዞር እሱ መያዣ ያጣል፤ ስለዚህ ወይ በቤቱ ላይ መያዣ ይመዝገብለት፣ ወይ እግዱ እስከ መጨረሻው ክፍያ ይቆይ።

መክፈል ካልቻለች ቤቱ ይሸጣል፤ ያኔም መጀመሪያ በስምምነት ገዢ መፈለግ፣ ሳይሆን ሲቀር ነው ሐራጅ። ሐራጅ ጊዜ ይወስዳል፤ ዋጋም ይሰብራል። ሁለቱም ግን በጨረታው መወዳደር ይችላሉ።

ስምምነቱ የሚጸናው የት ነው

ሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን ባንክም ማዘጋጃ ቤትም አይቀበለውም። ፍርድ ቤት ቀርቦ ከተመዘገበና ከጸደቀ እንደ ፍርድ ይፈጸማል፤ ያለበለዚያ ያፈረሰውን ሰው እንደገና መክሰስ ሊያስፈልግ ነው። ስለ ቤት የሚደረግ ስምምነት በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ሰነድ በሚያረጋግጥ አካል ፊት መመዝገብ አለበት። ጽሑፉ "ቤቱን ትታለታለች" ወይም "ሸጣለታለች" አይበል፤ "በጋራ ንብረት ክፍፍል ለእሱ ደርሷል" ይበል። ሽያጭ ወይም ስጦታ ተብሎ ከተጻፈ በግብርና በስም ዝውውር ጠረጴዛ ላይ ሌላ ጥያቄ ይከተላል።

"ከእንግዲህ ምንም አንጠያየቅም" የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከመፈረምዎ በፊት ዝርዝሩን አንድ ጊዜ ደግመው ያንብቡ። ይህች አንድ መስመር የረሱትን ሁሉ ትዘጋለች።

ስምምነት ካልመጣ

ንብረት ሊሸሽ ነው ብለው ከጠረጠሩ ከክሱ ጋር አብሮ እግድ ይጠይቁ። የጋራ ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ የሁለቱም ፈቃድ የሚያስፈልግ ቢሆንም፣ በአንዱ ስም ያለ ካርታ በተግባር ከእጅ ይወጣል፤ የተሸጠን ማስመለስ ደግሞ ከማገድ እጅግ ይከብዳል። የፌዴራሉ ሕግ ያለ ፈቃዱ የተሸጠበት የትዳር ጓደኛ ባወቀ በ6 ወር፣ ቢበዛ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲቃወም ይጠብቃል፤ ጅማ ላይም ከዚህ በላይ አይዘግዩ። የእግድ ማመልከቻ "ንብረቶቼ ይታገዱ" ብሎ በጅምላ አይጻፍ፦ ለማዘጋጃ ቤት የካርታ ቁጥር፣ ለትራንስፖርት የሰሌዳና የሻንሲ ቁጥር፣ ለባንክ የሂሳቡ ባለቤት ሙሉ ስምና ቅርንጫፍ። ትዕዛዙ ሲወጣ ደብዳቤው መድረሱን ራስዎ ይከታተሉ፤ ገቢ የተደረገበትን ቁጥር ይያዙ። መዝገብ ውስጥ የተኛ እግድ ማንንም አያግድም።

የባንክ ስቴትመንት የሌላውን ሰው ሂሳብ የሚመለከት ስለሆነ ባንኩ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ነው የሚሰጠው። ከፍቺው በፊት ያለውን ቢያንስ አንድ ዓመት ይጠይቁ፤ ትልልቅ ወጪዎች የሚታዩት ክሱ ሳይከፈት ባሉት ወራት ነው። ለቴሌብርም እንዲሁ።

የዳኝነት ክፍያው በተጠየቀው ገንዘብ መጠን ስለሚሰላ ዋጋውን ያለልክ ማናር ራስን ያስከፍላል። መክፈል የማይችል ሰው በድሃ ደንብ ለመክሰስ ከቀበሌ ማስረጃ ይዞ ያመለክታል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ለአቅመ ደካሞች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ከተፈረደ በኋላ

ፍርድ በራሱ ገንዘብ አያመጣም። የአፈጻጸም ማመልከቻው ላይ የፍርዱ ግልባጭ፣ የሚፈለገው ቀሪ ገንዘብና ገንዘቡ የሚገኝበት ንብረት ይጻፋል፤ ሦስተኛውን ፍርድ ቤቱ ፈልጎ አያመጣልዎትም። ፍርዱ ከተሰጠ 10 ዓመት ካለፈው በኋላ አዲስ የአፈጻጸም ጥያቄ ተቀባይነት የለውም፤ ይህን ጊዜ ሩቅ ነው ብለው አይናቁት። የተፈረደበት ሰው ደመወዝተኛ ከሆነ ለአሠሪው ትዕዛዝ ይጻፋል፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። 12,000 ብር የሚከፈለው ሰው ላይ 300,000 ብር ተፈርዶ በደመወዝ ብቻ ይቆረጥ ቢባል በወር 4,000 እየተባለ ከ6 ዓመት በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ንብረት ካለው መጀመሪያ ንብረቱን ያሳዩ። ንብረቱ አዲስ አበባ ያለ ከሆነ ፍርዱ ለዚያ ፍርድ ቤት ተልኮ ይፈጸማል።

ክፍያ በእጅ አይቀበሉ፣ በእጅም አይስጡ፤ በባንክ ሆኖ ምክንያቱ ላይ የመዝገብ ቁጥሩ ይጻፍበት። የመጨረሻው ክፍያ ሲያልቅ ሁለቱም ቀርበው መዝገቡን ያዘጉ፤ በዚያው ቀን እግዱ እንዲነሣ ትዕዛዝ ይጠይቁና ለማዘጋጃ ቤት፣ ለትራንስፖርትና ለባንክ የተጻፉትን ደብዳቤዎች ራስዎ ያድርሱ። ከዓመታት በኋላ ቤቷን ለመሸጥ ማዘጋጃ ቤት ሄዳ "በላዩ እግድ አለ" የምትባለው፣ ይህን ደብዳቤ ያላደረሰች ናት።